በአንድ ሰዓት ካኩማ

አፍ ሲከፈት ጭንቅላት ይታያል የሚባለው ለእኔ ነው። አክስቴ፣ የእናቴ ታላቅ፣ ካኩማ የስደተኞች ጣቢያ ውስጥ በጠና ታማለች። እኛ ከዚያ ወጥተን ሞያሌ ጎጆ ስንቀልስ እሷ እዚያው ቀርታ ነበር። ስልኬ ላይ የሁለቱን ከተሞች አውሮፕላን ማረፊያ ብጽፍ አንዲት ሰማያዊ መስመር በመካከላቸው ያለውን ሐይቅ ቀጥ ብላ አቋረጠችና «የበረራ ጊዜ፦ አንድ ሰዓት» የሚል ወጣ።

«አንድ ሰዓት ብቻ!» አልኳት እማዬን።

እማዬ እስክጨርስ መች ጠበቀችኝ! ደውላ «እትዬ፣ በአውሮፕላን ልመጣልሽ ነው። አንድ ሰዓት ነው አሉ፤ ጠብቂኝ» አለቻት።

በሶዋን ቋጥራ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ በቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ተፈናጠን ወደ ማረፊያው ሄድን። ሜዳው ላይ የቡቲዬ መንደር ፍየሎች ይግጣሉ። ዘበኛው «ማማ፣ ንደገ ሃኩና» አላት። ወደ ካኩማ የሚበር አውሮፕላን የለም፤ ኖሮም አያውቅም። ለካ ያ ገጽ የትኞቹንም ሁለት ማረፊያዎች ቢሰጡት ርቀቱን ያሰላል እንጂ የሚበር ይኑር አይኑር ጉዳዩ አይደለም! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እማዬ ግን አልተቆጣችኝም። ባዶውን ሰማይ ብዙ ቆማ አየችውና «በይ፣ አውቶቡስ እንፈልግ» አለች።

በናይሮቢ ወርደን፣ በኪታሌ ዞረን፣ ሦስት ቀን ነው።

እኛ ዘንድ ለመንገደኛ መርዶ አይነገርም። «ደህና ናት፣ ብቻ ቶሎ ነዪ» ይባላል፤ ሰው ደርሶ ድንኳኑን ሲያይ ነው የሚገባው። ስለዚህ እማዬ የማንንም «ደህና ናት» አላምን አለች። የእህቷን የራሷን ድምፅ ለመስማት አውቶቡሱ በቆመ ቁጥር ትደውላለች።

«የት ደረስሽ?» ትላለች አክስቴ በደከመ ድምፅ።

«አየር ላይ ነኝ እትዬ፤ አንድ ሰዓት ነው የቀረኝ።»

«ሦስት ቀን ካልኳት ተስፋ ትቆርጣለች» አለችኝ ወደ እኔ ዞራ።

በሁለተኛው ቀን መስኮቱን ተደግፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ለአክስቴ በስልክ ስለ ሐይቁ ታወራላት ጀመር። «ከታች ይታየኛል። አረንጓዴ ነው። ጥላችን ውሃው ላይ ይሄዳል።» በሕይወቷ አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም። እኔም በሰመመን ስሰማት አውቶቡሱ ቀስ ብሎ ከመሬት የተነሳ መሰለኝ፤ አቧራው ደመና ሆነ፣ የሰው ሁሉ ወሬ ከሩቅ ይመጣል። እንዳልነቃ ተመኘሁ።

በሦስተኛው ቀን ስልኩን ሌላ ሴት አነሳችው። «ተኝታለች፤ ደህና ናት።» እማዬ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። እኔ ያቺን ሰማያዊ መስመር ስረግም ዋልኩ።

ካኩማ የደረስነው ቀትር ላይ ነው። እማዬ ከሁሉ በፊት በዓይኗ የፈለገችው ድንኳን ነበር። የለም! ግቢው ውስጥ ሁለት ዶሮዎች ብቻ። ሮጣ ገባች።

አክስቴ ከስታ፣ አጥንቷ ብቻ ቀርቶ፣ ግን ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ ብላለች። እማዬ እግሯ ላይ ተደፋች።

«ይቅር በዪኝ እትዬ፣ ዋሸሁሽ። በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።»

አክስቴ ሳቀች። «አንቺ ልጅ፣ ጡሩምባው በስልኩ ይሰማኝ የለም እንዴ! ግን በደወልሽ ቁጥር አንድ ሰዓት ቀረኝ ትዪኛለሽ። ታዲያ አንድ ሰዓት መታገሥ አቅቶኝ እንዴት ልሙት?»