ትርታው የጠፋ ክንድ

የወንድሜን ልጅ ጫልቱን ክንዷ እየዛለ ቢያስቸግራት ከጊንጪ ወደ አምቦ ሐኪም ቤት ይዣት ሄድኩላችሁ። ዶክተሩ የግራ አንጓዋን ቢዳስስ፣ ቢዳስስ ትርታ የለም!

"ኧረ ልጄ፣ ይኸው ታወራለች እኮ!" ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

"ደም ሥሯ ተቆጥቶ ጠቧል። በቅርቡ ትኩሳት ይዟት ነበር?"

"አዎ፣ ሁለታችንንም አንድ አልጋ ላይ ጥሎን ከረመ።"

"ቫይረስ ሊያስነሳው ይችላል ይባላል፤ ገና አልተረጋገጠም።"

ጫልቱ ወደ እኔ ወደ አክስቷ ዞራ፣ "አዳዳ፣ ክንዴ ሊቆረጥ ነው?" ብላ አለቀሰች።

ላደፋፍራት ብዬ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። "እስቲ የእኔን የአክስቷን ያዝና እንዴት እንደሚመታ ንገራት!"

ዶክተሩ ጣቶቹን አንጓዬ ላይ አሳረፈ። ቦታ ቀየረ። እንደገና ዳሰሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣

"አዴ፣ እስቲ ሌላኛውን ክንድዎን ይስጡኝ" አለኝ።