የማቡኪያው አምስተኛ ቡሎን

ጋሽ ጨምርበት የሚሏቸው በፊታቸው ነው፤ አይከፋቸውም። ዳቦ ቤቱ ውስጥ ማንም ሰው ቡሎን ሲያጠብቅ ካዩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ይቆሙና «ጨምርበት!» ይላሉ። ሰውዬው ይጨምራል። «ኧረ ጨምርበት፣ ቁርስ አልበላህም እንዴ?» ይጨምራል። ላቡን ጠርጎ ሲሄድ ደግሞ ቁልፉን ያነሱና በገዛ እጃቸው ይጨምሩበታል። ይኼ የሠላሳ አንድ ዓመት ልማድ ነው፤ በዛሬዋ የዳቦ ቤቱ ባለቤት አባት ጊዜ የተቀጠሩ ሰው ናቸው።

ሥራ ቦታቸው ከዱቄት መጋዘኑ ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። አንድ የብረት ማሰሪያ ሞርሳ፣ አንድ አሮጌ የብረት መቅረጫ ቶርኖ፣ ግድግዳው ላይ በቁመታቸው የተደረደሩ ቁልፎች። ከዱቄቱ ብናኝ የተነሳ ክፍሏ ውስጥ ነጭ ያልሆነ ነገር ቢኖር የሳቸው ቱታ ብቻ ነው፤ እሱም በዘይት ጠቁሮ። ሦስቱን የሊጥ ማቡኪያዎች ከዚያች ክፍል ሆነው በድምፅ ይለዩዋቸዋል። «ሁለተኛዋ ዛሬ አኩርፋለች» ካሉ በእርግጥም አንድ ነገር ሆናለች።

ዝናቸው ግን የቡሎን ጥርስ ላይ ነው። የማቡኪያዎቹ የማርሽ ቤት አሉሚኒየም ነው፣ ቡሎኑ ብረት። ሁለቱ ሲታገሉ ማን እንደሚሸነፍ መቼም የታወቀ ነው፤ የቀዳዳው ጥርስ ተበልቶ ቡሎኑ በባዶ ይሽከረከራል። ሌላ ቦታ ቢሆን «ቤቱ ይቀየር» ይባላል። ጋሽ ጨምርበት እቴ! ቀዳዳውን በመብሻው በትራፓኖ ያሰፉታል፤ አዲስ ሰፊ ጥርስ ያወጡለታል፤ ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ፍቅፋቂውን እያራገፉ፣ ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረጉ። ከዚያ ቶርኖ ላይ የሠሩትን የነሐስ ቀለበት፣ ከውጭም ከውስጥም ጥርስ ያለውን፣ በሙጫ ያስገቡና ያሳድሩታል። በማግስቱ የድሮው ቡሎን በድሮው ቦታ ይገባል። ጣት ቢያሳልፉበት እንኳ መጋጠሚያው አይታወቅም።

ከሁለት ዓመት በፊት የልጃቸውን ባል አስቀጠሩ። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፣ ዝምተኛ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሦስተኛው ተረግዟል። ሥራውን ያውቃል። አንድ ነገሩን ግን ጋሽ ጨምርበት አልወደዱለትም፤ ልኩ ላይ ሲደርስ ቀጭ የሚል ቁልፍ ይዞ መጣ። «ቡሎን መጥበቁን በጆሮህ ነው የምትሰማው?» አሉት። «አባባ፣ ልኩ የማሽኑ መጽሐፍ ላይ ተጽፏል እኮ» ቢላቸው፣ «ከእጅ አይሻል ዶማ!» ብለው ጥለውት ሄዱ። እሱ ማታ ያጠበቀውን እሳቸው ጠዋት ጠዋት፣ ማቡኪያዎቹ ሳይነሱ፣ እየዞሩ ሩብ ዙር ሩብ ዙር ይጨምሩበታል። ለደህንነቱ ብለው ነው፤ አማች ነዋ።

ታዲያ በሦስት ወር ውስጥ የሁለተኛዋ ማቡኪያ አራት የቡሎን ቀዳዳዎች ጥርሳቸው ተበላ። ዘይት ማንጠባጠብ ጀመረች። ዘይቱ ሊጥ ውስጥ የገባ ቀን ዳቦ ቤቱ አለቀለት ማለት ነው። ሠራተኛው በሙሉ ጣቱን አማቹ ላይ ቀሰረ፤ እሱ ከመምጣቱ በፊት መቼ እንዲህ ያለ ነገር ነበር? ጋሽ ጨምርበትም አልማሩትም። «አሳፈርከኝ» አሉት፣ ሰው መሀል። «የማጠብቀውን በልኩ አጠብቃለሁ፣ አባባ» አለ። ሌላ ቃል ቢያወጣ ምን ነበረበት? አላወጣም፤ ሆድ ይፍጀው ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ ከሰዓት አምስተኛው ተበላ። ባለቤቷ ወረደች፣ ዘይቱን አየች፣ አማቹን ጠራችው። «እቤትህ ቆይ። ሰኞ መጥተህ ሒሳብህን ትወስዳለህ» አለችው። ቱታውን አውልቆ አጣጥፎ ሞርሳው ላይ አስቀመጠና ወጣ። ጋሽ ጨምርበት አንጀታቸው አረረ፤ ግን ምን ይበሉ? የተበላ ቡሎን ምስክር አይፈልግም። ነፍሰ ጡሯን ልጃቸውን እያሰቡ፣ እየተራገሙ፣ ቀዳዳውን አሰፉ፣ ጥርስ አወጡ፣ ቀለበቱን አስገብተው ለሙጫው ጊዜ ሰጥተው ሄዱ።

ረቡዕ፣ ማቡኪያዋ በቆመችበት፣ ቡሎኑን በጣታቸው አስገቡ። እንደ ቅቤ ገባ። አሥራ ሦስት ቁጥር ቁልፍ ይዘው አጠበቁ። ቆም ብለው እጃቸውን አዳመጡ፤ ገና ነው አላቸው። ጨመሩ። ገና ነው። ትንሽ ጨመሩ። ቡሎኑ ድንገት ቀለለና ቁልፉ ባዶውን ዞረ።

አወጡት። በጥርሱ መሀል ቢጫ የነሐስ ክር ተጠምጥሟል። ትናንት በእጃቸው የቆረጡት ጥርስ ነው። አማቹ ከትናንት ጀምሮ በሩን አልረገጠም።

የዱቄት ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ ነሐሱን ጠረጠሩ። ቀጥሎ ቡሎኑን። ሁለቱም ደህና ናቸው። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን እንደ ሰው ዕቃ አገላብጠው አዩት። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጣቶቻቸው ይደነዝዛሉ፤ ብርድ ነው ብለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብለውታል። ሚስታቸው «ሰውዬ፣ ብርጭቆው እኮ ያቃጥላል!» እያለች ስትነጥቃቸው «ሥራ ያደነደነው እጅ ነው» ብለው ይኮሩባታል። አሁን የሞርሳውን ጠርዝ በሌባ ጣታቸው ጫኑት። ምንም። መሀል ጣታቸውን። ምንም። አውራ ጣታቸው ብቻ ብረቱ ቀዝቃዛ መሆኑን ነገራቸው። አምስቱም ቀዳዳዎች በየጠዋቱ በማን እጅ እንዳለፉ ያኔ ገባቸው። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ይኼ ነው፤ ደነገጡ፣ ከድንጋጤው በላይ ግን አፈሩ።

ያየ ሰው የለም። ሌላ ቀለበት ለመሥራት አንድ ሰዓት ይበቃል። ለስለስ አድርጎ ማጥበቅ፣ አፍን መያዝ፣ ማን ያውቃል? ውሸት ምን ያደርጋል፣ አሰቡት። ቶርኖው ድረስ ሄደው የነሐሱን ዘንግ አንስተው ነበር። መልሰው አስቀመጡትና ባለቤቷን አስጠሩ።

መጣች፤ እጇ ዱቄት ነው። ገና ቡሎኑን ስታይ ፊቷ ተቀየረ። «ደግሞ ተበላ? ይኼ ልጅ ምን ሠርቶብኝ ነው የሄደው?»

«እሱ አይደለም። እኔ ነኝ። አሁን፣ እዚሁ ቆሜ። የበፊቶቹንም ሁሉ ያስበላሁት እኔ ነኝ።»

ሳቀች። «ጋሼ፣ ተዉ እንጂ! እርስዎ ቡሎን ሊያስበሉ? ለአማችዎ ብለው ነው፤ አውቃለሁ፣ ደግ ሰው ነዎት። እኔ ግን ማቡኪያ አለብኝ።»

«ልጄ ትሙት አልዋሸሁሽም።»

«ሠላሳ ዓመት አውቅዎታለሁ። አባቴ እንኳ ‹የዚህ ሰውዬ እጅ ሚዛን ነው› ይል አልነበረም?» ልትወጣ ዞረች። ጋሽ ጨምርበት በሕይወታቸው ሲመሰገኑ እንደዚያ ቀን ከፍቷቸው አያውቅም። ይቺ ሴት ካላመነቻቸው ልጁ ሰኞ መሄዱ ነው።

«ቆይ» አሏት። ከጣሳው ውስጥ አንድ ትልቅ የቡሎን ዳዶ አውጥተው መዳፏ ላይ ጣሉላት። «ዓይኔን ልጨፍን ነው። ጣቶቼ ላይ አስቀምጪልኝ። በየትኛው ጣት እንዳስቀመጥሽ እነግርሻለሁ። ከነገርኩሽ ልጁን አባሪው፣ ሁለተኛ አልለምንሽም።»

«ጋሼ፣ አሁን የጨዋታ ሰዓት ነው?»

«አስቀምጪ ብዬሻለሁ።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ከወዲያ በኩል የሦስተኛዋ ማቡኪያ ድምፅ ይሰማል። ጋሽ ጨምርበት ጠበቁ። ትንሽ ቆይተው ቆጣ አሉ። «ምነው? አስቀምጪ እንጂ፣ ምን ያስፈራሻል?»

«ጋሼ» አለች፤ ድምፅዋ ተለውጧል። «ካስቀመጥኩት ቆየሁ እኮ።»

ዓይናቸውን ገለጡ። ዳዶው ሌባ ጣታቸውና መሀል ጣታቸው ላይ ተኝቷል።

«አየሽ» አሉ። «በይ አሁን ደውዪለት፤ ነገ ይምጣ።»