ተራው የአጎቴ ነበር

በ፲፱፻፶፱ ዓ.ም. በሚያዝያ ወር በቴሌቪዥን የታየውን የአራቱን ፈረንጆች ትግል እስከ ዛሬ የሚያወሩ ሰዎች አሉ። «አይ ያ ግጥሚያ!» ይላሉ፤ አንዱ አንዱን እንዴት እንዳነሳው፣ እንዴት እንዳፈረጠው በእጃቸው ያሳያሉ። እኔ ወሬው ሲነሳ ከቤት እወጣለሁ። ሰዎች ኩራት ይመስላቸዋል። ኩራት አይደለም። ያን ቀን ሰው ሁሉ ሲስቅ አጎቴ ወልደአረጋይ አልቅሷል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ደግሞ እኔ ነኝ የማውቀው።

አጎቴ የአንኮበር ሰው ነው። ሙያው ሳንቃ መሰንጠቅ ነበር። ያን ጊዜ የእንጨት መሰንጠቂያ መኪና በአንኮበር የለም፤ የጥዱን ግንድ ከሰው ቁመት በላይ በሆነ ቆጥ ላይ ያጋድሙታል። አንዱ ሰው ግንዱ ላይ ይቆማል፣ አንዱ ከሥር ይቆማል፣ ረጅሙን መጋዝ ላይና ታች ይዘው ሲስቡ ይውላሉ። ላይኛው በከሰል የተሠመረውን መስመር እያየ መጋዙን ይመራል። ታችኛው የሚያየው መስመር የለውም፤ ለእሱ የሚደርሰው ሰጋቱራው ነው። ዓይኑ ውስጥ ይገባል፣ አፉ ውስጥ ይገባል፣ ማታ ሲታጠብም አይለቅም።

ስለዚህ ተራ አለ። ታችኛው ሲበቃው በመጥረቢያ እጀታ ግንዱን ሁለት ጊዜ ይመታል። ላይኛው መጋዙን አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ እጁን ይሰጠዋል፤ ስቦ ያወጣውና ራሱ ወደ ሥር ይወርዳል። ሕጉ ይኸው ነው፣ ክርክር የለበትም።

አባቴ ገብረ ጻድቅ የወልደአረጋይ ታናሽ ወንድም ነበር። ሁለቱ ከአንድ መጋዝ በቀር ሌላ ሀብት አልነበራቸውም። እኔ የአራት ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ በአርባ አራት ዓ.ም.፣ ግንድ ከቆጡ ተንሸራቶ ከሥር በነበረው በአባቴ ላይ ወደቀ። የተነገረኝ ይህን ያህል ነው። እናቴ እኔን ስትወልድ አርፋለች፤ እናም አጎቴ ወሰደኝ።

እንዴት እንዳሳደገኝ ላውራ ብል ቀኑ አይበቃኝም። እንጀራ እናት አላመጣባትም ብሎ ሚስት ሳያገባ ቀረ። ፀጉሬን ራሱ ያበጥረኝ ነበር፤ በዚያ በሻከረ እጁ ሲያበጥረኝ እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ «ወንድ አያቴ አላስተማረኝም፣ ምን ላድርግ» ይላል። ስፌት እወዳለሁ ስለው ደብረ ብርሃን ቤት ተከራይቶ፣ የስፌት መኪና ገዝቶ አስቀመጠኝ።

አንድ የማይገባኝ ነገር ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ አጎቴ ግንድ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ከማንም ጋር ቢሠራ ከሥር ነው። «ጋሼ፣ ተራዎ ነው፣ ይውጡ እንጂ» ሲሉት «እኔ ከላይ ዓይኔ ያዞረኛል» ይላል። ሰዉ ትሕትና ነው አለ። እኔም ጻድቅ አጎት አለኝ እያልኩ ስኮራበት ኖርኩ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ሰጋቱራ ሲዘንብበት ኖሮ በመጨረሻ ዓይኑ ደከመ፤ ሰው ሲመጣ በድምፁ እንጂ በመልኩ የማይለይ ሆነ።

ለሕክምና አዲስ አበባ ይዤው ሄድኩ። ያረፍነው ወይዘሮ በሰለች ዘንድ ነው፤ የአንኮበር ሴት ናት፣ ትንሽ ምግብ ቤት አላት፣ በዚያ ሰፈር ቴሌቪዥን ያለው እሷ ቤት ብቻ ነበር። የሐኪሙ ቀጠሮ ለማግስቱ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቤቱ በሰው ሞላ። አጎቴ በደንብ እንዲያይ ከሁሉም ፊት፣ ሣጥኑ አጠገብ በርጩማ አድርገን አስቀመጥነው።

ትግሉ ሁለት ለሁለት ነው። ሁለቱ መሐል ገብተው ሲታገሉ፣ የየአንዳንዳቸው ጓድ መድረኩን ከከበበው ገመድ ውጪ ቆሞ ይጠብቃል። አጎቴ ገርሞት «ምነው፣ ገላጋይ የለም እንዴ?» አለ፤ ሰዉ ሳቀ። ወይዘሮ በሰለች አስረዳችው፤ «ገላጋይ አይገባበትም፣ አያ ወልዴ። አንዱ ሲደክመው እጁን ዘርግቶ የጓዱን እጅ ይነካል። ያን ጊዜ ይወጣል፣ ጓዱ ይገባለታል። ካልነካው ግን እዚያው ይሞታል እንጂ የሚተካው የለም።»

አጎቴ በርጩማውን ወደ ሣጥኑ አስጠጋ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ቁመቱ አጠር ያለው ታጋይ ተይዞ መሬት ወደቀ። በደረቱ እየተሳበ ወደ ጥግ መጣ፤ እጁን ዘረጋ። ጓዱ ግን ከዳኛው ጋር እየተከራከረ ነው፤ ፊቱን አዙሯል። ሰውዬውን በእግሩ ጎትተው መለሱት። እንደገና ተሳበ፣ እንደገና ዘረጋ። ቤቱ በጩኸት ተናጋ። አጎቴ ከበርጩማው ተነሣ፤ «እየው! እጁን እየው አንተ ሰው! ስጠው!» እያለ ጮኸ። ቀጥሎ መዳፉን የቴሌቪዥኑ መስተዋት ላይ ለጠፈ።

«ነካኸኝ፤ ይኸው ነካኸኝ፤ ወረድኩልህ» አለ።

የቤቱ ሰው በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ «አባባ ሊገቡለት ነው!» ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። እኔ አፍሬ ልጎትተው ስሄድ ፊቱን አየሁት። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል። ደግፌ ወደ ጓሮ አወጣሁት። ከወጣን በኋላ አጭሩ ሰውዬ የጓዱን እጅ ነክቶ፣ ጓዱ ገብቶ፣ አሸነፉ አሉ። አጎቴ ይህን አላየም። እኔም አልነገርኩትም።

ጓሮ ውስጥ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነገረኝ።

«ንጋቴ፣ ያን ቀን አባትሽ ሁለት ጊዜ መታ። ሰምቻለሁ። "ቆይ፣ ይህቺ መስመር ትለቅ" አልኩት። ደግሞ መታ። እጁን ወደ ላይ ዘረጋልኝ፤ ዓይኑ በሰጋቱራ ተሞልቶ አያይም፣ እጁ ግን ይፈልገኛል። አየሁት። አልሰጠሁትም።»

«ለምን?» አልኩት። «ተጣልታችሁ ነበር?»

«ኧረ አልተጣላንም። መስመሩ ቀጥ ብሎ እየሄደልኝ ነበር፤ ደስ ብሎኝ ነበር። ሌላ ምንም ምክንያት የለኝም፣ ልጄ። ከዚያ ግንዱ ከዳን። ተራው የእኔ ነበር። ከሥር መሆን የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።»

ዕድሜዬን ሙሉ አንቱ ብዬው የኖርኩ ሴት ነኝ። ያን ጊዜ ግን ቁጣዬ ቀደመኝ። «አባቴን በልተህ ነዋ እኔን ስታጎርሰኝ የኖርከው!» አልኩት። አንተ አልኩት። እሱ ራሱን ነቀነቀ፤ ልክ ነሽ እንደማለት።

ሐኪሙ አንድ ዓይኑን አተረፈለት፤ ሁለቱንም ግን ለጊዜው ሸፈነው። ደብረ ብርሃን እስክንደርስ አውቶቡሱ ውስጥ ከእሱ ርቄ ተቀመጥኩ። ስንደርስ እኔ ቀድሜ ወረድኩ። አጎቴ ደረጃው ላይ ቆሞ እጁን ወደ ፊት ዘረጋ፤ የሚይዘው ሰው ፈለገ። እጁን አየሁት። ዕቃ የምፈልግ መስዬ ዞር አልኩ። የማላውቀው ሰው ደግፎ አወረደው፣ ወደ አንኮበር የሚሄድ ጭነት መኪና ላይም ያ ሰው አሳፈረው።

በግንቦት የንስሐ አባቱ አባ ወልደተንሣኤ ለሽምግልና መጡ። «ልጄ፣ ሰው ነው፣ ይሳሳታል፤ ይቅር በይው» አሉኝ። «ላስብበት» አልኳቸው። ማሰብ አልነበረም፤ ትንሽ ይቃጠል ብዬ ነው። ይቅር እንደምለውማ አውቅ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው። ልቤ ይቅር ካለው ቆይቷል፤ አፌ ነው ቀጠሮ ያበዛው።

በሰኔ፣ አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቤቴ በር ተንኳኳ። ሁለት ጊዜ። እንደዚያ የሚመታ ሌላ ሰው የለም። እኔ የሰርግ ቀሚስ እጅጌ እየሰፋሁ ነበር። «ቆይ፣ ይህቺ ትለቅ» አልኩ በልቤ፤ እግሬ ግን መኪናውን መርገጡን አላቆመም። ደግሞ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ስፌቱ ቀጥ ብሎ እየሄደልኝ ነበር። እጅጌውን ጨረስኩ። እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ሁለተኛውንም ጀመርኩ።

በሩን ስከፍት ማንም የለም። አልታየች የምትባለው ጎረቤቴ ከደጇ ሆና አየችኝ። «ያ ሽማግሌ ማን ነው?» አለችኝ፤ «መጅ የሚያህል ድንጋይ ትከሻው ላይ ተሸክሞ ብዙ ቆመ። ዝናቡም መጣበት። ቤት የለችም መሰለኝ ሲል ሰማሁት።»

በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ የበደለው ሰው ደጅ ይቆማል። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ በእጁ እስኪያወርድለት ድረስ ራሱ አያወርደውም። ወደ ጭነት መኪኖቹ መቆሚያ ሮጥኩ። የአንኮበሩ መኪና ሄዷል። ለቅዳሜ እሄዳለሁ አልኩ። ቅዳሜ ሰርገኞቹ ቀሚሱን ሊወስዱ መጡ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜ ዝናቡ መንገዱን ዘጋው።

በሐምሌ መርዶ መጣ። ቅዝቃዜ ደረቱን መትቶት ነው አሉ። ስደርስ ተቀብሯል። አባ ወልደተንሣኤ ቤቱን ከፈቱልኝ። መጋዙ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ጥርሱ ዝጓል። ድንጋዩ መደቡ ላይ፣ ከራስጌው ነበር።

«ከደብረ ብርሃን ተሸክሞት ተመለሰ» አሉኝ አባ። «እኔ ላውርድልህ ብለው እምቢ አለኝ። "እሷ ሥራ ይዛ ይሆናል፣ ስትጨርስ ትመጣለች" አለ። እንቅልፍ ሲጥለው ነው ከትከሻው ያነሳሁለት።»

ሰምቶ ነበር ማለት ነው። የስፌት መኪናዬን ድምፅ ከደጅ ሆኖ ሰምቶ ነበር።

ድንጋዩን አቅፌው ደብረ ብርሃን መጣሁ፤ አሁንም ከስፌት መኪናዬ ሥር ነው ያለው። በር ሲንኳኳ የያዝኩትን ጨርቅ ጥዬ እሮጣለሁ፤ ደንበኞቼ ይስቁብኛል። ይሳቁ። ያን ድንጋይ ማውረድ የእኔ ተራ ነበር።