አያቴ ያጋቧቸው አበቦች

አያቴ ካረፉ ሁለተኛ ክረምት ሆነ። ሰው በሽምግልናቸው ያነሳቸዋል፤ እኔ ግን ሰቆጣ ጓሯችን ውስጥ አበባ ሲያጋቡ ነው የሚታዩኝ።

አበባው ጠዋት ፈክቶ ማታ የሚጠወልግ ነው። በዶሮ ላባ የቢጫውን ዱቄት ቀዩ ላይ ያራግፉና፣ ለምልክት አገዳው ላይ ክር ያስራሉ።

ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስመጣ፣ ፈራ ተባ እያልኩ፣ «አባባ፣ ሁለቱን ቢጫዎችስ ለምን እርስ በርስ አያዳቅሏቸውም?» አልኳቸው።

«ከአንድ ሥር የከፈልኳቸው ወንድምና እህት እኮ ናቸው! ትምህርት ቤታችሁ ሰባት ቤት አያስቆጥርም?»

ጎረቤታችን አጥሩን ተደግፈው፣ «ሠርጉ መቼ ነው ታዲያ?» ብለው ሳቁ።

«ጠላውን ስትጠምቂ!» አሏቸው አያቴ።

ከቢጫውና ከቀዩ ጋብቻ የተገኘውን ዘር ዘሩና፣ «አበባውን ሳላይማ አልሄድም» ይሉ ነበር። ችግኙ ዓመታት ያስጠብቃል፤ ሳያዩት ሄዱ።

ባለፈው እሑድ ጠዋት ፈነዳ፤ እንደ በሰለ ኮክ ቀላ ያለ ቢጫ። ሰው ፊት ድምፄ የማይወጣው እኔ፣ «ተወለደ፣ ኑ እዩ!» ብዬ ሰፈሩን ጠራሁ።

ጎረቤታችን ቀድመው ደረሱና፣ «ወንድ ነው ሴት? እልልታው ስንት ይሁን?» አሉኝ።

«እስኪበቃን!» አልኳቸው። አያቴ ያጎነብሱበት የነበረውን ቦታ ሳንረግጥ፣ ዙሪያውን ቆመን እልል አልን።