ወንዙን ያልተሻገረው ቀይ ሞተር

አዲስ ሞተር ሳይክል ሲገዛ ወንበሩ ላይ ተለብጦ የሚመጣውን ላስቲክ የቆቦ ሰው ቶሎ አይልጠውም። ከአቧራ ይከላከላል፣ ደግሞም ለአላፊ አግዳሚው አዲስነቱን ይመሰክራል። ያ ላስቲክ በቆላ ፀሐይ ሲግል የሚያወጣው ከቤንዚን ጋር የተደባለቀ ሽታ አለው። ባለፈው ሰሞን እዚህ ደሴ፣ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት አጥር ሥር አንድ ወጣት እንዲህ ያለ አዲስ ሞተር አቁሞ ሄዶ ነበር። የተማሪዎቼን ደብተር ታቅፌ ሳልፍ ሽታው አፍንጫዬ ውስጥ ገባና አጥሩን ያዝኩ። የሁለት ልጆች እናት የሆነች መምህርት አጥር ተደግፋ ስትንቀጠቀጥ ያየው ዘበኛ ደንግጦ ውሃ ይዞልኝ መጣ። ምን እንደምፈራ እሱ በምን ያውቃል።

ልጅ እያለሁ ቆቦ ውስጥ ሞተር የሚሸጡት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አንዱ አባቴ ሰይድ ነው። ሌላው ከአስፋልቱ ማዶ፣ ልክ ፊት ለፊታችን ሱቅ የከፈተው ጋሽ ካሕሳይ ነበር፤ ወላጆቹ ከደቡብ ትግራይ መጥተው ቆቦን አገራቸው ያደረጉ ነጋዴ። አባቴ የሚሸጠው ቀይ፣ ጋሽ ካሕሳይ የሚሸጠው ሰማያዊ ነው። ፋብሪካቸው ለየቅል ቢሆንም ሁለቱም የተሠሩት ታይላንድ ነበር። አባቴ ስለዚያ አገር የሚያወራው ብዙ ነበረው። ጅዳ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ አብሮት የነበረ አንድ የታይላንድ ሰው እንደነገረው ከሆነ፣ እዚያ ሞተር ሻጮች እንደ ጣውንት ፊት ለፊት ተፋጠው ነው የሚውሉት። አንዱ ለገዢ ሄልሜት ሲመርቅ ሌላው ጃንጥላ ይጨምራል፤ አንዱ ለአንድ ዓመት ዋስ እሆናለሁ ሲል ሌላው ለሁለት ይላል።

አባቴ ይህን ሲያወራልን ኖሮ ኖሮ ቆቦ ላይ ደገመው። ቀይ ሞተር ለገዛ ሁሉ ሄልሜት መረቀ። በዚያ ሙቀት ማን ያጠልቀዋል? አንዷ ጎረቤታችን ዶሮ አስታቅፋበት አይቻለሁ። ጋሽ ካሕሳይ ነገሩን ሰምቶ ጃንጥላ መመረቅ ሲጀምር ሰው ወደ ማዶ ጎረፈ። እኛ ልጆችም ለሁለት ተከፈልን። የጋሽ ካሕሳይ ልጅ ብርኽቲ አንድ ዴስክ ላይ አብራኝ ትቀመጥ ነበር፤ በለስ ገዝተን ለሁለት እየተካፈልን የማን ሞተር እንደሚበልጥ ስንጨቃጨቅ ደወል ይደወል ነበር። አንድ ነገር ግን ለብርኽቲም አልነገርኳትም። የሞተር ሻጭ ልጅ ሆኜ ሞተር እፈራ ነበር። ሲነሳ ድምፁ ሆዴ ውስጥ ይገባል፤ አባቴ አንድ ሁለቴ ከኋላው አፈናጦኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው ቤት የደረስኩት።

ከሞተር የባሰ የምፈራው ደግሞ ወንዙን ነው። ከከተማው ወጣ ሲሉ ያለው ሰፊ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ውሃ የሚመጣበት ከላይ ደጋው ሲዘንብ ነው፤ እኛ ዘንድ ፀሐይዋ እንደከረረች፣ አንድ ጠብታ እንኳ ሳይወርድ። ስለዚህ እናቴ «ሰማዩን ተይው፣ ተራራውን እዪ» ትለኝ ነበር። በምዕራብ በኩል ተራራው ከጠቆረ ወንዝ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይወጣል። ግመልን ከነጭነቱ ጠርጎ አፋር ስላደረሰ ጎርፍ እየሰማን ነው ያደግነው።

ሐምሌ መግቢያ ላይ አያ እብሬ የሚባሉ ከዋጃ ወዲህ የሚኖሩ የሽንኩርት ገበሬ ሱቃችን መጡ። ሽንኩርቱ ይዞላቸዋል፤ ለሦስት ወንዶች ልጆቻቸው ሦስት ሞተር ባንዴ ሊገዙ ነው። እንዲህ ያለ ገዢ ቆቦ አይታ አታውቅም። ለእሳቸው የሸጠ የቆላውን ገበሬ ሁሉ ይዞ ይቀራል፣ ያልሸጠው ሱቁን ቢዘጋ ይሻለዋል ተባለ። አያ እብሬ ቀዩን ሞተር ዞሩት፤ ታንከሩን እንደ በሬ ሽንጥ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ ጎማውን ተጫኑት። ጥርሱን ማየት ብቻ ነበር የቀራቸው። ከዚያ ማዶ ተሻግረው ሰማያዊውንም እንዲሁ አደረጉ። በመጨረሻ ሁለቱንም ሻጮች አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አቆሟቸውና እንዲህ አሉ፦

«እኔ ሞተር አላውቅም፣ ግመል ነው የማውቅ። ግመል ስገዛ ሻጩ የገዛ ልጁን ጀርባው ላይ አድርጎ ላጋውን ደርሶ መልስ ያሻግርልኛል። ልጁ ሳይመለስ ከወረደ ገበያ የለም። እናንተ ልጃችሁን ያልጫናችሁበትን እኔ ልጄን አልጭንበትም።»

ላጋ የሚሉት ወንዙን ነው፤ የራያ ሽማግሌዎች እንደዚያ ይሉት ነበር። አባቴ ዞር ብሎ አየኝ። ከመደርደሪያው ጀርባ ነበርኩ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ታናሽ ወንድሜ ገና ጡት አልጣለም። ማን እንደሚጫን ለማወቅ ብልሃት አያስፈልግም ነበር። አልፈልግም ማለት አቃተኝ፤ የአባቴ ፊት እንደዚያ ቀን ሲለማመጥ አይቼ ስለማላውቅ ነው።

የገበያ ቀን ነበር፤ ዙሁር፣ የቀትሩ ሰላት፣ እንደተሰገደ ወንዙ ዳር ደረስን። ወሬው ቀድሞ ደርሶ የገበያው ሰው ግማሹ እዚያ ነው። ብርኽቲ ከአባቷ ኋላ ተቀምጣ ስታየኝ ሳቀች፤ እሷ ሠርግ የምትሄድ ነበር የምትመስለው። አባቴ ከወንበሩ ኋላ ያለውን ብረት በሁለት እጄ አስጨበጠኝ።

«ሐዩ፣ የመጣው ቢመጣ ይችን ብረት እንዳትለቂ። እግርሽ መሬት ከነካ አለቀልን።»

«እሺ አባ» አልኩት። እሺ ብሎ የማያደርግ ልጅ ብሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

ስንሄድ ደህና ሄድን። አሸዋው ሥር ሥሩን እየተንሸራተተ ቢያስጮኸኝም ማዶ ደረስን፤ አባቴና ጋሽ ካሕሳይ ሞተራቸውን አዙረው አንድ ላይ ተመለሱ። ውድድር አልተባለም፤ ግን ማን ኋላ መቅረት ይፈልጋል? ሁለቱም ነዳጅ ሰጡ። መሐል ላይ ስንደርስ የእኛ የኋላ ጎማ አሸዋው ውስጥ ሰመጠ። ሃያ እርምጃ ቀደም ብሎ የነበረው ሰማያዊውም ሰመጠ። አባቴ ብቻውን ወርዶ በአንድ እጁ ነዳጅ እየሰጠ መግፋት ያዘ፤ እኔ ላይ ተቀምጫለሁ። የሁለቱ ሞተር ጩኸት ሌላ ነገር አያሰማም። ዳር ያለው ሰው እየዘለለ ነጠላውን ሲያውለበልብ አየሁ። እያበረታቱን መስሎኝ አንድ እጄን አንስቼ አውለበለብኩላቸው፤ መልሼ ብረቱን ጨበጥኩ። ለካ ውጡ እያሉን ነው፤ እስከዚያ ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ሞተሩን ሲያይ ተራራውን ያየ አንድ ሰው አልነበረም። እኛ ቆቦዎች፣ ከእናታችን ጡት ጋር የጠጣነውን ነገር ያን ቀን ረሳነው።

መጀመሪያ የመጣው ነፋስ ነው፤ የእርጥብ አፈር ሽታ ያለው ቀዝቃዛ ነፋስ። ቀጥሎ የጋሽ ካሕሳይ ሞተር ጠፋ። እሱ ቀና አለ፣ ወደ ላይ በኩል አየ፣ ሞተሩን እንደ ዱላ ወርውሮ ብርኽቲን በብብቱ ሥር ሸጉጦ ሮጠ። አባቴም የእኛን አጠፋው። ያኔ ሰማሁት። ብዙ የጭነት መኪኖች ባንዴ ዳገት ሲወጡ የሚያሰሙት ዓይነት ድምፅ ነው፤ መኪና ግን የለም። ከወንዙ መታጠፊያ ላይ ቡናማ ነገር ግንድና አረፋ ተሸክሞ ብቅ አለ።

«ልቀቂ!» አለ አባቴ። ሰማሁት፤ እናንተን ምን እዋሻችኋለሁ፣ ሰምቼዋለሁ። ጣቶቼ ግን አልሰሙም። ወገቤን ይዞ ሲያነሳኝ ሞተሩም ከእኔ ጋር ተነሳ። ደግሞ ሳበኝ፤ ሞተሩ ወደ ጎን ተጋደመና ይዞን ወደቀ። አባቴ ሞተሩ ላይ ተደፋና ጣቶቼን አንድ በአንድ ማላቀቅ ጀመረ። አንዱን ሲፈታ ሌላው ይጨብጣል። ጢሙ ጉንጬን እየወጋኝ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ሲል ይሰማኛል። ውሃው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ነበር፣ ከዚያ ጉልበቱ ላይ። የመጨረሻዋን፣ የግራ እጄን ትንሿን ጣት፣ ሲያላቅቅ ቋ ስትል ተሰማኝ።

ወደ ዳር እንዴት እንደደረስን በደንብ አላስታውስም። ውሃው ደረቱ ላይ ደርሶ እኔ ትከሻው ላይ ነበርኩ። ብርኽቲን አስቀምጦ የተመለሰው ጋሽ ካሕሳይ፣ ሰዎቹ ከሽርጥና ከነጠላ የቀጠሉትን ገመድ ይዞ እስከ ወገቡ ገብቶ ወረወረልን። ያወጣን እሱ ነው፤ ይህን አልክድም። ሁለቱም ሞተሮች ተያይዘው ወረዱ።

ሰው ዳር ሆኖ ያየው የአባቴን ጀርባ ነው። ጎርፍ እየመጣ ሞተሩ ላይ ተደፍቶ የሚታገል ሰው። ሲታገል የነበረው ከምን ጋር እንደሆነ ከዚያ ርቀት አይታይም። አያ እብሬ በማግስቱ ሦስቱንም ሞተር ከጋሽ ካሕሳይ ገዙ። «ልጁን ለማንሳት ካላመነታ ሰው ነው የምገዛ» አሉ፤ ቆቦ ሁሉ ሰማው። ከዚያ በኋላ አባቴ ስም ወጣለት፦ ሞተር ያቀፈው ሰይድ። ገበያ ሲገባ ሴቶች ይጠቋቆሙ ነበር። የመስጊዱ ጀማዓ እንኳ ቀዝቀዝ አለበት። ብርኽቲ ዴስካችን ላይ፣ በክፋት ሳይሆን ግራ ገብቷት፣ «አባትሽ ግን ለምን ሞተሩን ያዘ?» አለችኝ። ዝም አልኳት።

ዝም ያልኩት ስለምፈራ ነው። ጣቶቼ ናቸው ካልኩ ሞተሩን ያስወሰድሽ፣ ገበያውን ያፈረስሽ፣ አባትሽን ያዋረድሽ አንቺ ነሽ የሚሉኝ ይመስለኝ ነበር። በተለይ አባቴ አንድ ቀን ይናገራል ብዬ ስጠብቅ ነው የኖርኩት። ትሪ ሲቀርብ በሻሽ የታሰረውን እጄን ከሥር እደብቃለሁ። እናቴ «እውን ሞተሩን ነው የያዝከው?» ብላ እያለቀሰች ስትጠይቀው ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ እሰማ ነበር። «የአላህ ቀደር ነው» አለና ወጣ። ዓመቱ ሳይዞር ሱቃችን ተዘጋ። ቀዩም ሰማያዊውም ሲበላሽ በሰው ጋራዥ ውስጥ ተቀጥሮ የሚጠግነው አባቴ ሆነ። እጁ እንደጠቆረ ወደ ቤት ሲገባ ሮጬ አልተቀበልኩትም፤ ዓይኑን ማየት እፈራ ነበር። እሱ ደግሞ የሸሸሁት ተቀይሜው መስሎት ይሆናል።

አሁን ወንዙ ላይ ድልድይ አለ፤ ልጆች አሸዋውን ሳይረግጡ ያልፋሉ። ቆቦ ውስጥ የሞተሩ ዓይነት ስሙ ተቆጥሮ አያልቅም፤ ማስታወቂያው በስልክ ነው፣ ሻጩን አይቶ የሚገዛ የለም። ልጅህን ጭነህ አሳየኝ የሚልም የለም፤ እሰይ እላለሁ፣ ደግሞም እንዲያ የሚፈትን ሰው መጥፋቱ ቅር ይለኛል። ያ የደሴው ሽታ ካንቀጠቀጠኝ በኋላ ለአረፋ ቆቦ ወረድኩ። አባቴ አርጅቷል። ግቢው ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሳለ አጠገቡ ቁጢጥ ብዬ፣ እንደ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነገርኩት። ልቀቂ ስትለኝ ሰምቼህ ነበር፣ ያልለቀቅኩት እኔ ነኝ፣ ለማንም አልተናገርኩም አልኩት።

የጠመመችውን ትንሿን ጣቴን ይዞ አገላብጦ አያት።

«አውቃለሁ እንጂ። ያላቀቅኳት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ስምህን ሲያጠፉት ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ልበል? አትልቀቂ ያልኩሽ እኔ። ልጄ እሺ አለችኝ ብዬ ልክሰስሽ?»

ያኔ ይናገርብኛል ብዬ እፈራው ነበር። ዛሬ የምፈራው ሌላ ነው። አያ እብሬ ሞተዋል፤ ጋሽ ካሕሳይ ሱቁን ዘግቶ ከነቤተሰቡ ከሄደ ቆይቷል፤ ብርኽቲ የት እንዳለች አላውቅም። አባቴም ሌሊቱን ሙሉ ሲስል እንደሚያድር እናቴ ነግራኛለች። እውነቱን ለመናገር አፌ ሲፈታ የሚሰማኝ ሰው እያለቀ ነው። ስለዚህ እዚህ ጻፍኩት። ያን የገበያ ቀን ወንዙ ዳር ቆማችሁ ነጠላችሁን ስታውለበልቡ የነበራችሁ፣ ይህን የሚያነብ ከእናንተ ቢኖር፣ አባቴ ሞተሩን አልያዘም። የያዘው የእኔን ጣቶች ነው።