የበዓለ ሃምሳው የጡንቻ ውድድር

በደርግ ጊዜ ላሊበላ ላይ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቁጥርን ግን ከዚያ በፊት ሜትሩ አስተምሮኛል። የቀበሌው ስፖርት ኮሚቴ ውስጥ ሲያስገቡኝም ስፖርተኛ ሆኜ አይደለም። በከተማው የሰው ደረትና ክንድ መለካት፣ የለካውንም መጻፍ የሚችል ሰው ስለተፈለገ ነው።

ነገሩን ያመጣው ሊቀመንበራችን ነው። ደሴ ለስብሰባ ሄዶ ወጣቶች ሸሚዛቸውን አውልቀው፣ መድረክ ላይ ተሰልፈው ጡንቻቸውን ሲያሳዩ አይቶ መጣ።

«ጓዶች፣ ደሴ ያለው ጡንቻ ላስታ የለም ወይ?» አለን።

ከኋላ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ «ጡንቻውስ አለ፤ የጠፋው ሥጋው ነው» አሉት። ያን ቀን ብዙ ሳቅን።

የሚነሳ ብረት አልነበረንም። ድንጋይ ግን እግዜር አልነፈገንም። አንድ ግንበኛ ድንጋይ እንደ ወፍጮ አክብቦ፣ መሃሉን በስቶ፣ የወይራ ዘንግ አስገባበት። ትንሽ፣ መካከለኛና ትልቅ እያለ ስምንት ጥንድ ሠራ። ልጆቹ በትምህርት ቤቱ ግቢ ማታ ማታ ከሥራ መልስ ያነሱ ጀመር።

የመጀመሪያውን ውድድር ሊቀመንበሩ በመጋቢት ቀጠረው። መጋቢት ሁዳዴ ነው። እሱ ጾም መቁጠር ትቶ ነበርና አላሰበውም፤ እኛም ደፍረን አልነገርነውም። አሥራ አንድ ሰው መጣ። ሁሉም ከማለዳ እህል አልቀመሱም፣ ወተትና ሥጋ ካዩም ወር አልፏቸዋል። ሸሚዛቸውን ሲያወልቁ ጎድናቸው ከሩቅ ይቆጠራል። ዳኛ እንዲሆን የጠራነው የጤና ጣቢያው ድሬሰር ቀና ብሎ አያቸውና፣

«ይሄ ውድድር ነው ወይስ ምርመራ?» አለ።

በትነናቸው ገባን። ከዚያ በኋላ ውድድሩ በበዓለ ሃምሳ እንዲሆን እኔ አመለከትኩ። ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ረቡዕና ዓርብም አይጾምበትም። ልጁ ቅቤውንም፣ ወተቱንም፣ ከተገኘ ሥጋውንም ሳያቋርጥ ይበላል። ሊቀመንበሩ «የምርት ወቅትን ያገናዘበ» ብሎ በቃለ ጉባኤ አስጻፈው።

ቀጥሎ የመጣው የካህናቱ ነገር ነው። አንድ አባት መጡና፣ «ልጄ፣ ራቁትን ለቤተ ክርስቲያን ጀርባ ሰጥቶ መቆም ምን ይባላል?» አሉኝ። መድረኩን ወደ ምሥራቅ አዞርነው። «እዚያስ ማን አለ?» አሉ። ወደ ሰሜን አዞርነው። ላሊበላ ላይ እንግዲህ የትም ዞራችሁ ብትቆሙ ከኋላችሁ አንድ ቤተ ክርስቲያን አይጠፋም። በስተመጨረሻ እሳቸውም ሳቁ። ከከተማው በታች ወዳለው ሜዳ እንድንወርድ፣ ሱሪውም እስከ ጉልበት እንዲሆን፣ ተራው ያልደረሰ ሁሉ ጋቢውን እንደለበሰ እንዲጠብቅ ተስማማን። ሱሪዎቹን እኔ ሰፋሁ።

ለዳኝነት ከድሬሰሩ ጋር የበሬ ደላላውን አስቀመጥን። ሌላ ገላ አይቶ የሚያውቅ ሰው ከየት ይመጣል? ደላላው ዱላውን አስደግፎ ከኋላ ይዞራል፣ ጫንቃ ይጨብጣል፣ ታፋ በመዳፉ መታ ያደርጋል። «ይሄ ለእርሻ ነው፤ ይሄ ለእርድ ነው» ይላል። ሕዝቡ ይስቃል። ግን አይሳሳትም ነበር።

በዚያ ዓመት አንደኛ የወጣው ከአሸተን ማርያም ሥር የሚያርስ ልጅ ነው። አባቱ ሞቷል፤ ለእናቱ አንድ ነው። ድንጋይ ማንሳቱን ከማንም በኋላ ነው የጀመረው፣ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ እርከን ሲክብ ያደገ ጀርባ ነበረው። መድረክ ላይ እጁን የት እንደሚያደርግ አያውቅም። ደላላው ጫንቃውን ጨብጦ፣ «ጎበዝ፣ እዚህ ላይ ውሃ ቢደፋ አይወርድም!» ሲል አንገቱን ደፍቶ ሳቀ።

በሁለተኛው ዓመት ሥራው ለእኔ ጣመኝ። መጥሪያ ጽፌ በጭነት መኪና እህል ላይ ተቀምጬ ወገል ጤና ሄድኩ፤ ጋሸናም፣ ቢልባላም ደረስኩ። ከወገል ጤና አራት ሰዎች መጡ። የሴቶች ማኅበር ተጠሪዋም ሱቄ ድረስ መጥታ፣

«እኛስ? እንስራ ተሸክሞ አቀበት የሚወጣ ጀርባ፣ ጀርባ አይደለም?» አለችኝ።

ሴቶቹም ቀሚሳቸውን እንደለበሱ ሙሉ እንስራ አዝለው አቀበቱን እንዲወጡ፣ በአቋምና ባለማፍሰስ እንዲዳኙ አደረግን። ከወንዶቹ ይልቅ እነሱን ለማየት የመጣው ሰው በለጠ። እኔ በሜዳው ዳር ሜትሬን አንገቴ ላይ አድርጌ ስሄድ ሰው መንገድ ይለቅልኝ ነበር። ይህን የምጽፈው ኋላ ላደረግሁት ምክንያቱ እሱ ስለሆነ ነው።

በሦስተኛው ዓመት ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ለየቀበሌው ኮታ ተሰጠ። ሊቀመንበሩ ሱቄ መጥቶ እንደ ወትሮው አልተቀመጠም።

«ዘንድሮ ከአውራጃ እንግዶች አሉ። አብዝተህ ጥራ። የእያንዳንዱን ስም ከነአባቱ፣ መንደሩን፣ ቁመቱን፣ ደረቱን ጽፈህ አዘጋጅ።»

«ቁመት ለምን ይሆናል ጓድ? የምንዳኘው በጡንቻ ነው።»

«ጻፍ ተባልክ ጻፍ።»

ከዚያ በፊት አንድ ጨው ነጋዴ፣ በሌላ አገር ኳስ ሜዳ ተከቦ ወጣቱ እንደታፈሰ ነግሮኝ ነበር። ሰምቻለሁ። አልሰማሁም ማለት አልችልም። ግን የምጠራው ሰው ሠላሳ ማለፉን አስብ ነበር፤ ከአውራጃ ሰው መጥቶ ሥራዬን ማየቱን አስብ ነበር።

በቅዳሜ ገበያ ያ አንደኛ የወጣው የአሸተኑ ልጅ ሱቄ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ጋቢውን አስተካከለ።

«ጋሼ፣ እናቴ ቅር ብሏታል። አሸተን አጎቴ መነኩሴው አሉ፣ የቅጥር ድንጋይ እየካብክላቸው እዚያው ክረም ትላለች።»

«ውድድሩስ?»

«እሱን ልጠይቅዎ ነው የመጣሁ። ይታፈሳል ይላሉ። አንቱ ከእነሱ ጋር ስብሰባ ይቀመጣሉ። ልውረድ ወይስ ልቅር? አንቱ ያሉኝን ነው የማደርግ።»

ጨርቅ እየቆረጥኩ ነበር። መቀሱን አላስቀመጥኩም።

«የሰማሁት የለም» አልኩት። «የወገል ጤናዎቹ አንተን ሊያዩ ነው የሚመጡ። ና።»

«አንቱ ካሉማ» አለና እጅ ነስቶ ሄደ።

ይኸው ነው። ከዚህ የረዘመ ንግግር አልተነጋገርንም።

በውድድሩ ቀን ሠላሳ አራት ሰው ተሰለፈ። ፀሐይ ነበረ። ልጆቹ ትከሻቸውን ቅቤ ተቀብተው ዝንብ አስቸገራቸው፤ አንዱ ቀልደኛ፣ «ጨው ጨምሩበትና ጥበሱን!» እያለ ሰውን ያስቃል። ከአውራጃ የመጡት ሰዎች ወንበር ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። ልጁ አንደኛ ወጣ። ደላላው እጁን ይዞ ወደ ላይ አነሳለት፣ እናቱ ግን አልመጣችም ነበር።

ከዚያ ሁለት መኪኖች ከትምህርት ቤቱ በኩል መጥተው በሜዳው ግራና ቀኝ ቆሙ። ወታደሮች ወርደው ከበቡን። ሴቶቹ መጮህ ጀመሩ። አንድ መኮንን ወረቀቱን ከእጄ ወስዶ በጻፍኩበት ተራ ስም ይጠራ ጀመር። አንድም ስም አልተሳሳተም። ሲጨርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ እየከተተ፣ «ጥሩ ጽሕፈት ነው» አለኝ። እኔም «እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት። አፌ ለምዶት ነው።

የሰፋሁላቸውን ሱሪ እንደለበሱ መኪና ላይ ወጡ። ጋቢ የያዘ ያዘ፣ ያልያዘ እንዲሁ። ልጁ ሊወጣ ሲል ጋቢውን ጠቅልሎ ወረወረልኝ።

«ጋሼ፣ ይሄን ለእናቴ። እዚያ ይሰጡኛል።»

አልተቆጣኝም። ቀና ብሎ እንኳ በክፉ አላየኝም። ሰው ያኔ ምን ተሰማህ ይለኛል። ውሃ ጠምቶኝ ነበር፤ ሌላ የማስታውሰው የለም። መኪኖቹ ሲሄዱ ለማንሳት ያወረድናቸውን ድንጋዮች እየቆጠርኩ ወደ ጥግ አንከባለልኩ።

በማግስቱ ጋቢውን ይዤ አቀበቱን ወጣሁ። እናትዮዋ ደጅ ላይ ምስር እየለቀመች ነበር። ጋቢውን ስታይ እጇን ከሰፌዱ አላነሳችም።

«ና ያሉት አንቱ ነዎት?» አለችኝ።

«እኔ ነኝ እትዬ።»

«ነግሮኛል። እኔ ቅር ብለው፣ ጋሼ ና ብለውኛል አለኝ።»

ጋቢውን ተቀበለችኝ፣ አጠፈችው፣ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው።

«ይቀመጡ እንግዲህ፤ አቀበት ወጥተዋል።»

ተቀመጥኩ። ጠላ ሰጠችኝ፣ ጠጣሁ። ምስሩን አብሬያት ለቀምኩ።

በሚቀጥለው በዓለ ሃምሳ ሊቀመንበሩ ደግሞ መጣ። ዓይኔ ደክሟል አልኩት። ቢጠራም የሚመጣ አልነበረም። በከተማው ጎልማሳው ሁሉ ጎበጥ ብሎ መሄድ ጀምሮ ነበር። ኮት ሊያሰፉ ሲመጡ፣ «ጋሼ፣ ሰፋ ያድርጉት፣ ትከሻ አያሳይ» ይሉኛል። አሰፋላቸዋለሁ። የልጁን እናት በእርሻ ለማገዝ በየዓመቱ በሐምሌ እሄዳለሁ፤ እርሻ አልችልበትም፣ ዘር መበተንና አረም ማረም ግን እችላለሁ። ከልጁ አንድ ደብዳቤ ከአሥመራ በኩል መጣ። ሌላ አልመጣም።

ደርግ የወደቀ ጊዜ ወታደሩ በእግሩ ወደየአገሩ ይመለስ ነበር። በጋሸና በኩል ያልፋሉ ተባለ። እሷ ስንቅ ቋጥራ ስትነሳ አብሬያት ወረድኩ። መንገድ ዳር ተቀምጠን ስድስት ቀን ጠበቅን። የሚያልፈው ሰው አጥንት ብቻ ነው፤ ጫማ የለው፣ መለዮ የለው። እሷ የምታየው ትከሻ ብቻ ነው። ሰፊ ትከሻ ካላየች ዓይኗን ወደሚቀጥለው ታሳልፋለች።

«እትዬ፣ ፊታቸውን ይዩ እንጂ» አልኳት። «ገላ ይከሳል።»

«የእኔ ልጅማ ከማንም ይለያል። አንቱስ አላዩትም?»

አይቼዋለሁ። እኔ ፊት ፊታቸውን ማየት ያዝኩ፣ እሷ ትከሻ ትከሻውን። በስድስተኛው ቀን አንድ ረጅም፣ የከሳ ሰው ከፊታችን ቆሞ አፈጠጠብን። ቁመቱ ልክ ነው። ተነሳሁ፣ በልጁ ስም ጠራሁት። ሰውየው ውሃ ብቻ ለመነ። ጎጃሜ ነበር። እሷ ከቅሉ በእፍኙ እየቀዳች እስኪበቃው አጠጣችው፣ ለልጇ የቋጠረችውንም ቆሎ ሰጠችው።

ሲርቅ፣ «ጎጃሜ ነኝ ነው ያለ?» አለችኝ።

«አዎ እትዬ።»

«ገና ብዙ መንገድ አለበት» አለች። ቅሉን ከደነች፣ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። እኔም ተነሳሁና ወደ ላሊበላ መንገድ ገባን።