ጋራዥ የከተትኩት የሜይ ስጦታ

ጎረቤቴ ሜይ ዛሬ ሳሎኔ ገብታ ባዶውን ሚስማር ስታይ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፖይንት ኩክ የሚባለው ሰፈር አዲስ ቤት ስንገባ፣ በእጇ የጻፈችውን አራት የቻይንኛ ፊደል በፍሬም አድርጋ ሰጥታኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ሰቀልኩት።

ባለፈው እሑድ ግን ለቤት ጸሎት የመጡት የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሼ ታደሰ አፈጠጡበት። «ምን እንደሚል ታውቂያለሽ?»

«ኧረ አላውቅም፣ ጋሼ።»

«የማታውቂውን ትሰቅያለሽ? ክፉ መንፈስ ቢሆንስ?»

አውርጄ ጋራዥ ከተትኩት። ያውም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሬ! መንፈስ ጀርባውን ከሰጠ የማያይ ይመስል።

ዛሬ ድንጋጤዬን ልሸፍን ብዬ «ለመሆኑ ምን ነበር የሚለው?» አልኳት።

«ታላቅ ምግባር ሁሉን ይሸከማል» አለችኝ። የጥንት የቻይና ጠቢባን አባባል ነው። መሬት ተራራውንም ቆሻሻውንም ትሸከማለች፣ አንተን አልፈልግም ብላ የምትጥለው የለም፤ ትልቅ ሰውም እንደሷ ይሁን ነው ነገሩ።

ከዚያ ሚስማሩን አየች፣ እኔን አየች። የት አደረግሽው አላለችም። «የእሑዱ መዝሙራችሁ ደስ ይላል፣ እኛ ቤት ድረስ ይሰማል» ብላኝ ሄደች።

ለጋሼ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳቸው። «ያን ሁሉ ጩኸታችንን ከቻለች፣ እኛ አንድ ፍሬም አቃተን?» አሉ።

መልሼ ሰቅዬዋለሁ። ይቅርታ ልላት ግን ሦስቴ በሯ ድረስ ሄጄ ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

እናንተስ፣ ሳታውቁት ፈርታችሁ የደበቃችሁት ስጦታ አለ? ለሰጪው ምን አላችሁት? ለአራተኛ ጊዜ ልወጣ ጫማዬን አድርጌያለሁና ቶሎ ንገሩኝ።